መኪናዋ ለእንቁጣጣሽ አትደርስም

ለዳላስ ነሐሴ ክረምት መሆኑን የነገረው ሰው የለም። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻችን ጭቃውንና ብርዱን ሲያማርሩ፣ እኛ ከመኪናችን እስከ ሬስቶራንቱ በር ያለችውን ሃያ እርምጃ እንደ ዳሎል በረሃ እንቆጥራታለን። ለማንኛውም ገብታችሁ ተቀምጣችኋል፤ ምግባችሁን አዛችኋል፤ እስኪመጣ ድረስ ይህን ጋዜጣ አንስታችኋል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ወግ ብቻ አይደለም፤ እርማትም ነው። ጋዜጠኛ ሲሳሳት «እርማት» ብሎ በደቃቅ ፊደል ከገጹ ጥግ ይሸጉጣል። እኔ ግን ዓምዱን በሙሉ ሰጥቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት በዚሁ ዓምድ ላይ፣ ጋርላንድ የሚኖሩ አንድ ወገናችን ከልጃቸው ጋር በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ «ሆት ሮድ» የሚባለውን የአሜሪካኖች መኪና ከሻንሲው ጀምረው እየሠሩ መሆናቸውን አውርቼላችሁ ነበር። በዚያ ባበቃ ደግ ነበር። ብዕሬ ሞቅ አላትና «ይህች መኪና በእንቁጣጣሽ በዓላችን ላይ ከፊት ሆና ትገባለች፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ» ብዬ ጻፍኩ። ማን ፈቀደልህ? ማንም። ከዚያ ወዲህ ከሬስቶራንት በገባሁ ቁጥር፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በቆምኩ ቁጥር «መኪናዋስ?» የማይለኝ የለም። እንግዲህ መልሱን ከዚሁ ውሰዱት፦ አትደርስም። በጥፋቱም የእኔ እጅ አለበት።

የሰውየውን ስም አልጽፍም፤ እሳቸውም አይወዱም። እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳን ነካ አድርጓል። በወጣትነታቸው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ከአንድ ጋራዥ ገብተው፣ ዕቃ በነዳጅ ከማጠብ ጀምረው እስከ በያጅነት ደርሰዋል። ዳላስ ከመጡ በኋላ ደግሞ የሁላችንንም ሥራ ሠርተዋል፤ ፓርኪንግ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ታክሲ። የመጨረሻ ልጃቸው 17 ዓመቱ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛ ቢሰማም መልሱን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ፣ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ክፍሉን ዘግቶ የሚቀመጥ፣ በየቤታችን ያለ ዓይነት ልጅ።

ልጁ አባቱ በያጅ እንደነበሩ አያውቅም ነበር። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። «ለምን አልነገሩትም?» ብላቸው፣ «ምን ልበለው? ቀጥቃጭ ነበርኩ ልበለው?» አሉኝ። አያችሁ? ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡትም በዚያው ዘመን ነበር። አውቶሞቢሉ ከዚያ ወዲህ ያልደረሰበት የለም፤ አዋጁ ግን ጋርላንድ ገና አልገባም።

ሆት ሮድ ምን እንደሆነ ባለፈው ላላነበባችሁ ባጭሩ ልድገመው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በደቡብ ካሊፎርኒያ ኪሳቸው የሳሳ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ በርካሽ እየገዙ፣ ፓራፋንጎውንና የማያስፈልገውን ሁሉ እየነቀሉ ክብደቷን ቀንሰው፣ ሞተሯን አጎልብተው ውሃው በደረቀ የሐይቅ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1937 የእሽቅድምድም ማኅበር አቋቋሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት ወታደሮች ሲጨመሩበት ነገሩ ተስፋፋ፤ በ1948 «ሆት ሮድ» የተባለው መጽሔት ወጣ፤ በ1951 ደግሞ ዛሬም ያለው ኤን ኤች አር ኤ የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። ባጭሩ የሀብታም ጨዋታ አልነበረም። የተጣለ ብረት አንስቶ ነፍስ መዝራት ነበር። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ለከተማችንም ነገሩ ባዕድ አይደለም። ዲፕ ኤለም ውስጥ «አዳም ሃትስ» ተብሎ የሚታወቀው የጡብ ሕንፃ በ1910ዎቹ የፎርድ መገጣጠሚያ ሆኖ የተሠራ ነው። በ1925 ፎርድ ወደ ኢስት ግራንድ አቬኑ ተዛውሮ እስከ 1970 ድረስ እዚያ መኪና ሲገጣጥም ኖሯል። ኮብራ የተባለችውን የእሽቅድምድም መኪና የፈጠረው ካሮል ሼልቢም የቴክሳስ ልጅ፣ ዳላስ ያደገ ነው። ፎርት ወርዝ አጠገብ ቴክሳስ ሞተር ስፒድዌይ ላይ በየዓመቱ በኤፕሪል «ፔት ስዋፕ ሚት» የሚባል የአሮጌ መኪናና የመለዋወጫ ገበያ ይቆማል። ጋሼና ልጃቸው ባለፈው ሚያዝያ የሄዱት እዚያ ነው። ይዘው የተመለሱት ዝገት የበላውን የፎርድ ሞዴል ኤ ቦዲ ነበር፤ ሞዴል ኤ ማለት ከ1928 እስከ 1931 የወጣችው ናት። ሞተር የላት፣ ጎማ የላት፣ ሻንሲ የላት። ባለቤታቸው «ይሄ ምንድን ነው፣ ቆርቆሮ ገዛችሁ?» አሏቸው አሉ።

ሻንሲ የመኪና አከርካሪ ነው። ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውን፣ ሰውንም ጭምር የተሸከመው እሱ ነው። ነገር ግን መኪና ሲደነቅ ጎንበስ ብሎ እሱን የሚያይ የለም። የሞዴል ኤ የጥንት ሞተር ጉልበቱ 40 ፈረስ ነበር፤ ሻንሲዋም ለዚያው የተመጠነ፣ ከታጠፈ ላሜራ የተሠራ ቀጭን ነው። ጋሼ ሊገጥሙላት ያሰቡት የሼቭሮሌ ቪ8 ሞተር ግን 200 ፈረስ አካባቢ ነው። «በጥንቱ ሻንሲ ላይ ብጭነው እንደ ታጠበ ነጠላ ይጠመዘዛል» አሉ። ስለዚህ 2 በ4 ኢንች የሆነ፣ ውፍረቱ 3/16 ኢንች የሆነ ቱቦላሬ ብረት ገዝተው፣ ሁለት ረጃጅም ብረቶችን በአግዳሚ ብረቶች የሚያያይዝ፣ መሰላል የመሰለ አዲስ ሻንሲ ጀመሩ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት እንደ ጥንቱ 103 ኢንች ተኩል ነው።

የጋራዡ ቋንቋ ለብቻው ትምህርት ቤት ነው። ጋሼ «ሞርሳውን አጥብቀው፤ ሞርሴቶውን አቀብለኝ፤ ቸርኬውን ወደዚያ አድርገው፤ ባለስትራው ይቆይ» ይላሉ። ልጁ አማርኛው ስለበረታ ደስ ብሎታል። እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ «ይሄ እኮ አማርኛ አይደለም፤ ጣሊያኖች ከመኪኖቻቸው ጋር ጥለውልን የሄዱት ነው» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና በእንግሊዝኛ «አባቴ ከተናገረው አማርኛ ነው» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። አፌን ዘጋሁ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ብየዳ ትዕግሥት ነው። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ጎረቤቱን ይዞ ይጎትታል። ስለዚህ መጀመሪያ እዚህም እዚያም በነጥብ ብቻ ይያዛል፤ ይለካል፤ ከዚያ ጥቂት ከግራ፣ ጥቂት ከቀኝ፣ እያሳረፉ ይበየዳል። ማዕዘኑን ለማወቅ ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ በሜትር ይለካል። ሁለቱ እኩል ከመጡ ሻንሲው አልተንጋደደም። በግንቦት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሻንሲው በነጥብ ተይዞ ነበር። ለካን። እኩል መጣ። አጨበጨብን።

ጋሼ «በሉ አሁን ውሃ ልክ እናስቀምጥበት» አሉ። እኔ ግን ካሜራዬን አንግቻለሁ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። የብየዳ ብልጭታ ያለበት ፎቶግራፍ አመጣለሁ ብዬ ለጋዜጣው ቃል ገብቻለሁ። «ጋሼ፣ ልኩ እኮ እኩል መጣ፤ ይበይዱትና ላንሳዎት» አልኳቸው። እንግዳ ማስቀየም አይወዱም። ማስኩን ወደ ፊታቸው አወረዱ።

በዚያም አላበቃሁም። ጋራዡ እንደ ምድጃ ግሏል፤ አባትና ልጅ በላብ ተጠምቀዋል። አዘንኩላቸውና ማራገቢያውን ጎትቼ ወደ እነሱ አዞርኩት። «እግዜር ይስጥህ» ስጠብቅ «አጥፋው!» የሚል ጩኸት መጣ። ለካ ከብየዳው ሽቦ ጋር የሚወጣው ጋዝ፣ የአርጎንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ፣ የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚጋርድ ነው። ነፋስ ካባረረው ብየዳው ይበሳሳል። በዚያች ደቂቃ የተበየደችውን ስናያት የእንጀራ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ አውጥታለች። ጋሼ «ዓይን እንጀራ ላይ ያምራል፤ ብየዳ ላይ ግን መቃብር ነው» ብለው ሙልጭ አድርገው ፍቀው እንደገና በየዱት።

የማራገቢያው ጥፋት ወዲያው ታየ። የውሃ ልኩ ግን ተደብቆ ቆየ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አግዳሚዎቹ ሁሉ ተበይደው ካለቁ በኋላ፣ ልጁ ስልኩን የፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀመጠ፤ ስልኮቹ ዛሬ ውሃ ልክም ሆነዋል። ልክ ነው። ሄዶ የኋለኛው ላይ አስቀመጠ። ዝም አለ። አነሳና መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ አባቱን ጠራቸው። ጋሼ እውነተኛውን ውሃ ልክ አምጥተው፣ ቀጫጭን ብረት ከሥሩ እየደራረቡ ልዩነቱን ለኩት፤ 3/8 ኢንች፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሻንሲው ተጠማዟል።

«በሜትር ስንለካ እኩል አልነበረም ወይ?» ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። አልጋ አስቡ። አንዱን እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ብታቆሙት ማዕዘኑ ሳይዛባ አልጋው ይጠማዘዛል፤ የሜትሩ ልክ ይህን አይናገርም። ጉድጓዱ ከየት መጣ? ከጋራዡ ወለል። የዳላስን አፈር ታውቁታላችሁ፤ አገር ቤት ዋልካ የምንለው ዘመድ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚህ ሙቀት የቤታችሁን ዙሪያ በቱቦ የምታጠጡት መሠረቱ እንዳይሰነጠቅ አይደለም? የጋሼ ጋራዥ ወለል ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቆ አንዱ ማዕዘን ሰምጧል። እኛ ደግሞ የሻንሲውን ማቆሚያ እግሮች ቁመት የለካነው ከወለሉ ተነስተን ነው። ውሃ ልክ በዚያች ቅዳሜ ቢቀመጥ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይታወቅ ነበር፤ በነጥብ የተያዘ ብረት ደግሞ ማላቀቅ ቀላል ነው።

ሁላችንም ዝም አልን። ሰባት ቅዳሜ የፈጀ ሥራ ነው። እኔም ዝም ብል ጥሩ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ጣት እንኳ አይሞላም። ቦዲው ከተጫነበት በኋላ ማን ያየዋል? ለጊዜው ለእንቁጣጣሽ ትድረስና በኋላ ይስተካከላል» አልኩ።

ጋሼ ቀስ ብለው ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። «ለጊዜው አልክ?» አሉኝ። ከዚያ ለእኔም ለልጁም ያልነገሩትን ነገሩን።

«ሃያ ዓመት አይሞላኝም ነበር። አንድ የፊያት ኤን ትሬ የጭነት መኪና ሻንሲው ተሰንጥቆ መጣ። እንደ ደንቡ ስንጥቁ ተከፍቶ፣ እስከ ውስጥ ተበይዶ፣ ከላዩ ብረት ተለብዶበት ነው የሚሄደው። ባለመኪናው ጭነት ይዟል፤ ደሴ መድረስ አለበት። ‹አንተ ልጅ፣ ለጊዜው ያዝልኝ፤ ስመለስ በደንብ ይሠራል› አለኝ። እኔም ለጊዜው በየድኩለት። ከላይ ሲያዩት ያምር ነበር። አልተመለሰም። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ ተባለ። ሾፌሩም ረዳቱም። ብየዳው ይሁን፣ ፍሬን ይሁን፣ እንቅልፍ ይሁን ማን ያውቃል? ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። ማንም ስላልጠየቀኝ ነው ይኸው እስከ ዛሬ ራሴን የምጠይቀው።»

ከዚያ ልጃቸውን አዩትና «ይህችን መኪና የምትነዳው አንተ ነህ» አሉት። ሌላ አልጨመሩም።

ሻንሲው ላይ ልጁ በገዛ እጁ የበየዳት አንዲት መጋጠሚያ ነበረች። ከእሷ በፊት ብዙ ቁርጥራጭ እየበየደ፣ አባቱ ሞርሳ ላይ አስረው በመዶሻ እየመቱ ሲሰብሩበት ከርሟል። ያልተሰበረ ብየዳ ሲያወጣ ነው ሻንሲው ላይ እጁን እንዲያሳርፍ የተፈቀደለት። አጠገቧ ስሙን በጠመኔ ጽፏል። «አባዬ፣ ይቺ እኮ ደህና ናት» አለ፤ በአማርኛ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ደህና ናት። የያዘችው ብረት ግን ጠማማ ነው» አሉ። ልጁ መነጽሩን አደረገ፣ ግራይንደሩን አነሳ፣ ከሷ ጀምሮ ቆረጠ። እኔም ካሜራዬን ከከረጢቱ አላወጣሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቴክሳስ ለግል መኪና በየዓመቱ ታስገድደው የነበረውን የደኅንነት ምርመራ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አስቀርታለች። ዳላስንና ታራንትን በመሳሰሉ ካውንቲዎች የጭሱ ምርመራ እንዳለ ነው፤ ጭስ መለካት ግን ሻንሲ ማየት አይደለም። እንዲህ እቤት የተሠራች መኪና ታርጋ ለማግኘት በባለሙያ መታየቷ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ ከሥሯ ገብቶ የሚያይላችሁ የለም። መርማሪው ራሳችሁ ናችሁ። «ማን ያየዋል?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ይህ ነበር።

ወገኖቼ፣ ያቺ «ለጊዜው» የምትባል ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቀችኝም። እኔ ከአገር የወጣሁት ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ጋዜጦቻችን ሲዘጉ፣ ባልደረቦቼ ሲታሰሩ ነው። ለጊዜው ብዬ ነው የወጣሁት፤ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ ነበር። ለጊዜው ብዬ ሥራ ያዝኩ፤ ለጊዜው ብዬ አፓርታማ ተከራየሁ፤ ነገ ስለምመለስ ብዬ ግድግዳው ላይ ሥዕል ሳልሰቅል ስንት ዓመት ኖርኩ። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ማኅበራችንን ለጊዜው አቋቋምን፤ የልጆቹን የአማርኛ ትምህርት ለጊዜው በአንድ በጎ ፈቃደኛ ላይ ጣልን፤ ጠባችንን ለጊዜው አለባብሰን አለፍን። ለእኛ ለጊዜው ነው። ልጆቻችን ግን የሚሳፈሩት በእሱ ላይ ነው፤ ለእነሱ ሌላ ሻንሲ የላቸውም። ጋሼ ቆርጠው እንደገና ለመጀመር ስድሳ ዓመታቸው አላገዳቸውም።

ከዚህ ተነስታችሁ እጃችሁ ለብረት የሚያሳክካችሁ ካላችሁ፣ ጋሼ ንገርልኝ ያሉኝን ልንገራችሁ። ብረት ከመግዛታችሁ በፊት ከካውንቲያችሁ የታክስ ቢሮ ስለ ባለቤትነት ወረቀት ጠይቁ፤ ከየቦታው ተሰባስባ ለተሠራች መኪና የሞተሩን፣ የሻንሲውንና የቦዲውን ማስረጃ ይፈልጋሉና ደረሰኝ አትጣሉ። ዚንክ የተቀባ ብረት ሳትፍቁ አትበይዱ፤ ጭሱ ትኩሳት ያስይዛል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ያጠባችሁትን ብረት ከቶ አትበይዱ፤ ሙቀቱ ሲያገኘው ሰው የሚገድል መርዝ ይወጣዋል። የእሳት ማጥፊያ ከአጠገባችሁ አይራቅ፤ ሥራ ካቆማችሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጋራዡን ጠብቁ፤ እሳት ከጥራጊ ውስጥ አድብቶ ይነሳል። ወለላችሁን አትመኑ፤ ውሃ ልክ ተጠቀሙ። በመጨረሻም፣ ካሜራ የያዘ ጋዜጠኛ ከመጣ ቡና አጠጡና ሸኙት።

አዲሱ ሻንሲ ተጀምሯል። እግሮቹ በውሃ ልክ ቆመዋል፤ በነጥብ ተይዟል፤ ሁለት ጊዜ ተለክቷል። መቼ ያልቃል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሁለተኛ ቀን አልቆርጥም። ባለፈው እሑድ ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ረከቦቱ ላይ፣ ከሲኒዎቹ ጎን፣ አንዲት የተቆረጠች ብረት ተቀምጣለች። ስሙ በጠመኔ የተጻፈባት የልጁ ብየዳ ናት። እናቱ «ዝገቱ ያበላሽብኛል» እያሉ ከሥሯ ጨርቅ አንጥፈውላታል።

ለእንቁጣጣሹ መኪናዋን ጠብቃችሁ የነበራችሁ ሁሉ ይቅርታ። በዓሉ ላይ ግን ኑ፤ ጋሼና ልጃቸው በእግራቸው ይመጣሉ። ቸር እንሰንብት።